ባለቤቱ ያልታወቀ ዝናር

ሰቆጣ፣ መጋቢት ፬ ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ የ«ዘብ» የጦር ታሪክ ሙዚየም ዋና ዳይሬክተር
አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ ምክትልዎም፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኞችዎም፣ በመስታወት ውስጥ የሚያድሩት ጎራዴዎችም ሁላችሁ እንደምን ሰነበታችሁ። ጤናዎ እንደ ሙዚየምዎ ግድግዳ የጸና፣ ወገብዎ እንደ ወንበርዎ የማይዝል፣ እንቅልፍዎም እርስዎ ዘንድ እንደገባ ደብዳቤ ማንም የማይቀሰቅሰው ይሁንልኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ ከደህናም አልፌ ማንበብ ጀምሬያለሁ። ይህን የምነግርዎ እንዲጠነቀቁ ብዬ ነው።

ራሴን ላስተዋውቅ። ከዋግ ምድር ተነሥቶ ሙዚየምዎን ከደጃፉ እስከ ጓዳው አንዲት ፊደል ሳይዘልል አንብቦ የጨረሰ የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ። እርግጥ የእንግሊዝኛውን አልቆጠርኩትም። ከጣሪያው ሥር የተሰቀለውንም አንገቴ ወደ ኋላ ስለማይታጠፍ ለረጃጅሞች ትቼዋለሁ። ፎቁም ለእድሳት ተዘግቶ ነበር። የመጀመሪያው ሰው ስለመሆኔም ከራሴ በቀር ምስክር የለኝም። የቀረውን ግን፣ እሱም አንድ ክፍል ከግማሽ ይሆናል፣ ጣቴን በመስታወቱ ላይ እያስኬድኩ አንብቤዋለሁ፤ ጥበቃውም የጣቴን አሻራ ሦስት ጊዜ ከኋላዬ እየተከተለ ወልውሏል።

ስሜ ምስጋናው ንጋቱ ነው። ትውልዴ ጋዝጊብላ፣ ኑሮዬ ሰቆጣ፣ ሥራዬ በገበያ ፍየል ማሻሻጥ ነው። በሃምሳ አራት ዓመቴ የማታ ትምህርት ገብቼ ሁለተኛውን ዓመት ባለፈው ጥር ጨርሻለሁ፤ የወጣሁትም አንደኛ ነው። ከወንዶቹ ማለቴ ነው። ወንዶቹ ሦስት ነበርን።

የግዕዝ ቁጥር የተማርነው እስከ አምስት ብቻ መሆኑን አስቀድሜ ላሳውቅዎ እወዳለሁ፤ ስድስትን ልንጀምር ስንል የትምህርት ቤቱ መብራት ለአንድ ወር ጠፋና ቁጥሩ እዚያው ቆሞ ቀረ። ስለዚህ በእርስዎ ላይ ያለኝ ነገር ሁሉ ከአምስት እንዳይበልጥ አድርጌ አጥፌዋለሁ። መብራቱ ባይጠፋ ኖሮ ይህ ደብዳቤ በጭነት መኪና ነበር የሚመጣልዎ። የጻፍኩበትም ዕለት ከወሩ አራተኛው ቀን የሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። ደግሞም ምስጋናው የሚባል ሰው ቅሬታ ሲያቀርብ ስለማያምርበት አምስቱንም «ምስጋና» ብያቸዋለሁ።

፩. ስለ በሩ ምስጋና

ባለፈው ሐምሌ ልጄ ማርታ ከዓረብ አገር ስትመለስ ልቀበላት አዲስ አበባ ሄጄ ነበር። አውሮፕላኗ በሁለት ቀን ዘገየ ተባልኩና ሥራ ፈታሁ። ማንበብ የጀመረ ሰው ሥራ ከፈታ ደግሞ አደገኛ ነው። የሱቁንም፣ የባንኩንም፣ የጥርስ ሐኪሙንም ታፔላ እያነበብኩ ስሄድ፣ ስሄድ ከሙዚየምዎ በር ላይ ተገኘሁ።

ጥበቃው «ከየት ተቋም ነው የመጣኸው?» ሲለኝ «ከዋግ» አልኩት። «እሱ መሥሪያ ቤት ነው?» አለ። አገር መሆኑን ነገርኩት። እንግዲያው የትብብር ደብዳቤ ከአገሬ ይዤ እንድመጣ በትሕትና አስረዳኝ።

ክቡር ሆይ፣ ይህን ሥርዓት ከልቤ አከብራለሁ። ጦርነት ራሱ ወደ ዋግ በመጣ ቁጥር የትብብር ደብዳቤ ጠይቆን አያውቅም። መንገዱ ሩቅ ነው፣ ድልድዩ አልተጠገነም፣ የዘንድሮ በጀት አልቋል ብሎ የቀረበትም ጊዜ ትዝ አይለኝም። በአያቶቻችን ዘመን ያለ ቀጠሮ መጥቷል፤ በቅርቡም ያለ ቀጠሮ መጥቶ ከቤታችን አስወጥቶናል፤ ቅዳሜና እሑድን አርፎ፣ በምሳ ሰዓት በር ዘግቶም አያውቅም። እርስዎ ቤት ሲገባ ግን ይኸው ጦርነት ጨዋ ሆኖ፣ በሥራ ሰዓት ብቻ የሚገኝ፣ ደብዳቤ ለያዘ ሰው ብቻ የሚታይ ሆኗል። እንዲህ አድርገው ስላሠለጠኑልን አመሰግናለሁ፤ ምናለ ወደ እኛ ከመምጣቱ በፊት እርስዎ ዘንድ ትንሽ ቢቆይ ኖሮ እያልኩም አዝናለሁ።

የፍየል ደላላ በር ላይ አይሸነፍምና ከሩብ ሰዓት ክርክር በኋላ ገባሁ። ስገባ ዱላዬን ተቀበሉኝ። በዱላዬ ላይ ወዲያው ካርድ አሰሩላት፤ በካርዷም ላይ «ባለቤት፦ ምስጋናው ንጋቱ» ብለው ጻፉባት፤ እኔም ፊደል በፊደል አነበብኩትና ደስ አለኝ። ይህችን ዱላና ካርዷን እባክዎ አይርሱብኝ፤ ከታች እመለስባታለሁ።

፪. ስለ ንባቡ ምስጋና

ከመግቢያው በስተግራ፣ በሦስተኛው መስታወት ውስጥ፣ አንድ የቆዳ ዝናር ተሰቅሏል። ስምንት ኪስ ያለው የጥይት መታጠቂያ ነው። ከሥሩ ያለችውን ጽሑፍ ለማንበብ የምሳ ሰዓታችሁን ግማሽ ፈጅቶብኛል፤ እንዲህ ትላለች፦ «ዝናር። በጣሊያን ወረራ ዘመን አገልግሎት ላይ የዋለ። ከሰቆጣ አካባቢ በ1988 ዓ.ም. የተሰበሰበ። ባለቤቱ ያልታወቀ። አምስተኛው ኪስ በተለየ ሁኔታ የተሰፋው ለልዩ ጥይት ማስቀመጫ እንደነበር ይገመታል።»

እዚህ ላይ ሳቅኩ። ትንሽ ሳቅ አልነበረም፤ ጥበቃው እየሮጠ መጥቶ «ፋዘር፣ እዚህ አይሳቅም» አለኝ። ፋዘር ማለት አባት ማለት መሆኑን ማርታ እስክትነግረኝ ድረስ በሁለት ቀን ውስጥ ለስንት ሰው ስድቡን እንደመለስኩ አይጠይቁኝ።

የሳቅኩት ስለ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ልዩ ጥይት የተባለው ነው። በአምስተኛው ኪስ የሚቀመጠው ነገር ሱረት ነው፤ ያ በአፍንጫ የሚሳበው የትንባሆ ዱቄት። ዝናሩን የታጠቁት ሰው የንስሐ አባታቸው እንዳያዩባቸው በጥይት መሐል ይደብቁት ነበር። ከፍተው ቢያሸቱት እስከ ዛሬ ያስነጥስዎታል ብዬ አስባለሁ፤ ይህን ያህል ዓመት መስታወቱን የከፈተው ሰው ስለሌለ ግን ያስነጠሰው ሰው አለ ማለት አልችልም።

ሁለተኛው «ባለቤቱ ያልታወቀ» የሚለው ነው። እኛ ቤት ባለቤት ማለት ባለ ንብረትም ነው፣ የትዳር ጓደኛም ነው። የዝናሩ ባለቤት ማን እንደሆነ ሰቆጣ ውስጥ የማያውቅ የለም፤ የባለቤቱ ባለቤት ደግሞ ከእኔ ጋር አንድ ግድግዳ የሚጋሩ ጎረቤቴ ናቸው። እማሆይ ወለተ ገብርኤል ይባላሉ። ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው። ባላቸው በ1974 ዓ.ም. ሲያርፉ ቆብ ጭነው መንኩሰዋል፤ ከዓለም ሁሉ ወጥተዋል፤ ከዝናሩ ግን አልወጡም። ያችን አምስተኛ ኪስ በፍየል ጅማት የሰፏት እሳቸው ናቸው፤ ግራ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፤ በቀኙም የሚያዩት ጥላ ብቻ ነው። «ዓይኔስ ይሂድ፣ እጄ ያውቀዋል፤ አንድ ቀን ብቻ ስፌቴን ብዳስሰው» ማለታቸውን ከሰማሁ ሃያ ዓመት ሊሆነኝ ነው። ይህ ደብዳቤ የተጻፈው ስለዚህች አንድ ቀን ነው። የቀረው ሁሉ የእኔ ወሬ ነው።

ስለ ሥራዬ አንድ ነገር ልንገርዎ። በገበያችን ባለቤቱ ያልታወቀ ፍየል አንዳንዴ ይገኛል። በመስታወት ከተን «ባለቤቱ ያልታወቀ» ብለን አንጽፍበትም። የጆሮውን ምልክት እናያለን፤ በገበያ እንጠይቃለን፤ በቤተ ክርስቲያን ደጅ እናስነግራለን፤ ከእኛው ከዋጉ ዝቋላ ድረስ በእግሩ የመጣ ሰው ካለ እሱንም እንጠይቃለን፤ በሁለተኛው ገበያ ባለቤቱ እየተሳደበ ይመጣል። ይህን ሁሉ የምናደርገው ዳይሬክተር ሳይኖረን ነው። እናንተ ሃያ ዘጠኝ ዓመት የያዛችሁትን ዝናር ባለቤት አላገኛችሁም፤ የዱላዬን ባለቤት ግን በአምስት ደቂቃ አውቃችሁ ጻፋችሁ። ለዱላዬ ስላደረጋችሁት ክብር ምስጋናዬ ላቅ ያለ ነው።

፫. ስለ ደረሰኙ ምስጋና

አሁን ጥፋቱ ከየት እንደመጣ ልንገርዎ፤ ግማሹ የእኛ ነውና።

በ1988 ዓ.ም. ከሙዚየምዎ ሁለት ሰብሳቢዎች ሰቆጣ መጡ። የገበያ ቀን ስለነበር በሰፈሩ የነበሩት እማሆይ ብቻ ናቸው። ዝናሩን አወጡላቸው። መዝጋቢው ብዕሩን መዝዞ «የማን ነው?» አለ። እማሆይ «የእሱ ነው» አሉ። «እሱ ማን?» አለ። «እሱ ነዋ» አሉ። ሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቃቸው ሰውየው ጆሮው የማይሰማ መስሏቸው ጮክ ብለው «የእሱ» አሉት።

እርስዎ የከተማ ሰው ነዎትና ላስረዳዎ። በእኛ ዘንድ የጥንት ሚስት የባሏን ስም በአፏ አትጠራም። እማሆይ ደግሞ በዚህ ነገር ከሁሉም ይብሳሉ፤ የባላቸውን ስም ብቻ ሳይሆን ስሙን የሚመስለውን ቃል ሁሉ ትተዋል። ለእሳቸው እህል ጎመራ እንጂ ሌላ ነገር አይሆንም። አውቶቡስ መጣ እንጂ ሌላ ነገር አያደርግም። ተማሪ ትምህርቱን ፈጸመ ነው፤ መከራ ወረደ ነው፤ እንግዳ ገባ ነው። ከተዳሩ ወዲህ ሰባ ሁለት ዓመት ሙሉ አንዲትን ቃል በእግራቸው እየዞሩ ኖረዋል፤ የሰፈሩ ሴቶችም ሊያስቷቸው ሞክረው፣ ሞክረው ሰልችቷቸዋል።

የባላቸው ስም ደረሰ ነው። አቶ ደረሰ ትእዛዙ።

እንግዲህ መዝጋቢው ዝናሩን ወስዶ ለእማሆይ አንዲት ወረቀት ሰጣቸው። የዚያች ወረቀት ስም ደረሰኝ ይባላል። እሳቸው «ወረቀቷ» ነው የሚሏት፤ ምክንያቱ አሁን የገባዎ ይመስለኛል። በጦርነቱ ጊዜ ቤታቸውን ጥለው ሲወጡ ከጸሎት መጽሐፋቸው ጋር ይዘዋት ወጥተዋል። እኔ ማንበብ ስጀምር አምጥተው ሰጡኝ። እንዲህ ትላለች፦ «ዝናር፣ አንድ። የንብረቱ ባለቤት ሙሉ ስም፦ እሱ።»

መዝጋቢውን አልወቅሰውም፤ የተነገረውን በታማኝነት የጻፈ ሰው ነው። ከእሱ በኋላ ግን ከመዝገብ ቤትዎ አንድ አዋቂ «እሱ» የሚለውን አይቶ፣ ወደ ሰቆጣ ዞሮ «እሱ ማነው?» ብሎ በመጠየቅ ፋንታ «ያልታወቀ» ብሎ ጻፈ። አላወቅሁም ማለት ይችል ነበር። ያልታወቀ ሲል ግን እኛንም ጨመረን። እኛ እናውቀዋለን።

ከአዲስ አበባ ተመልሼ ለእማሆይ የጽሑፏን ነገር ስነግራቸው ብዙ አላዘኑም። «የጎደላቸው ምንድን ነው?» አሉኝ። «ስም ብቻ ነው» አልኳቸው። «አፍ ነው እንጂ ስም መጥራት የማይገባው፣ እጅ ምን አለበት» አሉና በመስከረም ክንዴን ይዘው የማታ ትምህርት ቤት ገቡ።

መምህራችን ሠርካለም የምትባል ታጋሽ ወጣት ናት። እማሆይን ከሰሌዳው ሥር አስቀመጠቻቸው፤ ፊደሉንም የበር ሳንቃ በሚያህል መጠን ጻፈችላቸው። እማሆይ ከሁለት መቶ ሠላሳ አንዱ ፊደል ሦስቱን ብቻ እንደሚፈልጉ ነግረዋት ሌላውን «ለወጣቶቹ አስተምሪው» አሏት። ደግነቱ ሦስቱም ግዕዝ ናቸው፤ ከየቤታቸው ደጃፍ ላይ የተቀመጡ ናቸው፤ ወደ ጓዳ መግባት አላስፈለገም። በስድስት ሳምንት ጨረሱ። አንድ ማታ በጠመኔ ሰሌዳው ላይ ጻፏቸው፤ ደ ትንሽ አዘነበለች፣ ረ ጀርባዋን አጎበጠች፣ ሰ ግን ቀጥ ብላ ቆመች።

ሠርካለም ደስ ብሏት «እማሆይ፣ እስቲ የጻፉትን ያንብቡልን» አለቻቸው።

«አንቺ አንብቢው፤ የተማርሽው ለዚህ አይደል» አሏት።

«እርስዎ ካላነበቡት ነጥብ አልሰጥም።»

«እሱ ነው የሚለው» አሉ እማሆይ፣ ወደ ሰሌዳው ሳያዩ።

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ ከሁሉም አብልጬ የሳቅኩት እኔ ነኝ። ሠርካለም ግን ሳትስቅ ወደ ሰሌዳው ዞራ ቆየች፤ ከዚያም ሙሉ ነጥብ ሰጠቻቸው። አንደኛ የወጣሁት ከወንዶቹ ነው ያልኩዎ በዚህ ምክንያት ነው።

፬. ስለ መልስዎ ምስጋና

የቀበሌውን ማስረጃ፣ የደረሰኙን ቅጂና እማሆይ በእጃቸው የጻፏትን ገጽ አንድ ላይ አድርጌ በጥቅምት ላክሁልዎ። በጥር መልስ መጣ። ማኅተሙ ያማረ ነበር። ጎረቤት ተሰብስቦ፣ እማሆይ መሐል ተቀምጠው፣ ጮክ ብዬ አነበብኩት፦ «ደብዳቤዎ ደርሶናል።»

እማሆይ ከመቀመጫቸው ተነሡ። «አወቁት ማለት ነው?» አሉ። «ስሙን ጻፉት ማለት ነው?»

ይህን ጊዜ ማንበብ ባልተማርኩ ኖሮ ብዬ ተመኘሁ፤ በሕይወቴ አንዴ ብቻ ነው እንዲህ ያልኩት። ደርሶናል ማለት የቢሮ ቋንቋ እንደሆነ፣ ደብዳቤው ከጠረጴዛ ላይ አለ ማለት እንደሆነ፣ ስሙ እንዳልሆነ አስረዳኋቸው። ቀስ ብለው ተቀመጡ። የቀረውን አነበብኩላቸው፦ «ሆኖም የንብረቱ ባለቤት በአካል ቀርበው ሲያመለክቱ የሚስተናገዱ መሆኑን በአክብሮት እንገልጻለን።»

አቶ ደረሰ ከደብራችን ቅጥር ውስጥ፣ ከወይራው ሥር፣ አርባ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። በአካል ለመቅረብ የሚያስፈልጋቸውን ፈቃድ ከየትኛው መሥሪያ ቤት እንደማወጣላቸው ቢነግሩኝ እሮጥላቸው ነበር። በሕይወት ያሉት ባለቤታቸው ደግሞ በሰላሙ ጊዜ እንኳ በአውቶቡስ ሁለት ቀን የሚፈጀውን መንገድ በሰማንያ ስምንት ዓመታቸው እንዲሄዱ ማድረግ አልቻልኩም። ቢሄዱስ ጥበቃው «ከየት ተቋም ነው?» ይላቸዋል፤ እሳቸውም «ከእሱ» ይሉታል፤ ነገሩ እንደገና ከ1988 ይጀምራል።

ስለ ማኅተሙ ውበት ግን ከልብ አመሰግናለሁ። ግድግዳ ላይ ለጥፈነዋል።

፭. ስለ ጉብኝቱ ምስጋና

ይህኛው የምስጋናዎች ሁሉ ራስ ነው፤ ጥቂት ይታገሡኝ።

በየካቲት ሙዚየምዎ ራሱ ወደ ሰቆጣ እንደሚመጣ በድምፅ ማጉያ ተነገረ። ለክልል ሕዝብ የጦር ታሪክን በየደጁ የማድረስ ዘመቻ ነው ተባለ። ዝናሩም ከሚታዩት አንዱ መሆኑን ሰማን። እማሆይ በዋዜማው እጃቸውን ሦስት ጊዜ ታጠቡ። በማግሥቱ እኔና ሠርካለም ግራና ቀኝ ደግፈናቸው ከአዳራሹ ደጅ ቆመን ስንጠብቅ ባለ ሥዕሉ መኪናችሁ ከፊታችን ቆመ። የሞተሩ ድምፅ ሲጠፋ እማሆይ አፋቸውን ከፈቱና «ደረሰ» አሉ።

ክቡር ሆይ፣ ሰባ ሁለት ዓመት የዞሯትን ቃል ለመኪናችሁ አወጧት። ሠርካለም ክንዳቸውን ጠበቅ አድርጋ ያዘች።

ገባን። በአዳራሹ ውስጥ ዝናር አልነበረም። በቋሚ ብረት ላይ የተዘረጋ፣ ቁመቱ ሰው የሚያህል፣ የዝናር ፎቶግራፍ የታተመበት ላስቲክ ነበር። ከጎኑም ጥቁርና ነጭ ነጠብጣብ ያለባት አራት ማዕዘን ነገር አለች፤ ዘመናዊ ስልክ ያለው ሰው ስልኩን ሲያስጠጋላት ታሪኩን ትነግረዋለች ተባለ። መረብ ስላልነበረ ለማንም አልነገረችም። እማሆይ እጃቸውን ዘረጉ። አምስተኛው ኪስ ካለበት ቦታ መዳፋቸውን አሳረፉ፤ ወደ ቀኝ ሳቡት፤ ወደ ግራ ሳቡት፤ በጥፍራቸውም ጫር አደረጉት። «ላስቲክ ነው» አሉ።

ከዚያ ባለሙያዎ ንግግር አደረጉ። የንግግራቸው ርዕስ ተደራሽነት ነበር። በዋግ ቆመው በኽምጥኛ እንደምን ዋላችሁ ለማለት እንኳ ጊዜ አልተረፋቸውም፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ ግን ስለ ተደራሽነት፣ ተደራሽ ስለ መሆን፣ ተደራሽ ስለ ማድረግ ነገሩን። አርባ አንድ ጊዜ ቆጥሬያለሁ። አርባ አንዱንም ጊዜ እማሆይ የሟች ባላቸውን ስም እንግዳ ሰው በአደባባይ እየሰባበረ የሚጠራው መስሏቸው በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። ባለሙያዎ ይህን አይተው «እናታችን ልባቸው ተነክቷል» አሉና ካሜራ የያዘውን ሰው ጠሩት። ፎቶ ተነሡ። ሦስት ሰዎች መጥተው ነጠላቸውን አስተካከሉላቸው፤ ጨበጧቸው፤ አመሰገኗቸው። ከሦስቱ አንዱም «ስምዎ ማን ነው?» አላለም።

በሳምንቱ ልጄ ማርታ ፎቶውን በሙዚየምዎ ገጽ ላይ አገኘችውና በስልኳ አሳየችኝ። አሁን ማንም ሳያግዘኝ ስለማነብ ከሥሩ ያለውን አነበብኩት፦ «ስማቸው ያልታወቀ የሰቆጣ እናት በሙዚየማችን ተደራሽነት ተደስተው ሲያለቅሱ።»

እንግዲህ ሥራው ተሟልቷል። ባልየው ያልታወቁ፣ ሚስትየዋም ያልታወቁ ሆነዋል፤ ሰባ ሁለት ዓመት በስም ሲለያዩ የኖሩትን ሰዎች በአንድ ቃል አገናኝተውልናል። ጋብቻቸውን ስላጸኑላቸው በሰፈሩ ስም አመሰግናለሁ። ይህንን ግን ለእማሆይ አላነበብኩላቸውም።

ቁጥሬ አለቀ። ጥያቄዬ ደግሞ ከቁጥር በታች ነው። ሦስት ፊደል ነው፤ ሦስቱም ግዕዝ ናቸው፤ ከየትኛውም ግድግዳ ላይ ቦታ አይፈጁም። እነሱን ከዝናሩ ሥር ይጻፉልን። ቀጥሎም ላስቲኩ በመጣበት መኪና ዝናሩን አንድ ቀን ብቻ አምጥተው ለአንዲት ሴት መስታወቱን ይክፈቱላቸው። ጥበቃም ይምጣ፤ ጓንትም ያጥልቁ ካላችሁ፣ በጓንቱ ፋንታ እጃቸውን አንዴ ሳይሆን ዐሥር ጊዜ ይታጠባሉ። ቀኝ ዓይናቸው የሚያየው ጥላ በየወሩ እያነሰ ነው፤ እጃቸውም ከገና ወዲህ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ከባለሙያዎ እንደሰማሁት ሙዚየም ዕቃን ከጊዜ ያድናል። እኛ ዘንድ ጊዜ የሚፈጀው ዕቃውን አይደለም።

የመስታወትዎን ጽዳት፣ የማኅተምዎን ጥራት፣ የወንበርዎን ምቾት እየተመኘሁ፣ ከደጅዎ ያለ ትብብር ደብዳቤ ገብቼ በስሜ ዱላ የተመዘገበልኝ፣ ባለቤትነቴ የታወቀ፣

ታዛዥዎና የሙዚየምዎ አንድ ክፍል ከግማሽ አንባቢ፣
ምስጋናው ንጋቱ
ከሰቆጣ

፮. ከፊርማው በኋላ የመጣ

ይህን ቁጥር ከየት አመጣኸው እንዳይሉኝ፣ ሠርካለም ዛሬ ጠዋት አሳይታኝ ነው። የተመለስኩትም የምናዘዘው ነገር ስላለኝ ነው።

በዚህ ደብዳቤ ውስጥ አንድ ነገር ፈጥሬያለሁ። ሱረቱ እውነት ነው፤ አርባ አንዱም እውነት ነው፤ «እሱ» የምትለዋ ወረቀት ቅጂዋ በእጅዎ አለች። መኪናችሁ ሲቆም እማሆይ «ደረሰ» አሉ ያልኩት ግን ውሸት ነው። ያሉት እንደ ሁልጊዜው «መጣ» ነው። እርስዎ እንዲያፍሩ ብዬ ነው የጨመርኩት።

ደብዳቤውን ከማተሜ በፊት ሳነብላቸው እዚያች ቦታ ላይ አስቆሙኝ። «ይህችን ፋቃት» አሉኝ፤ «ለላስቲክ አላልኩትም።» እስክሪብቶ ስለሆነ እንደማይፋቅ ነገርኳቸው። ቀኝ እጃቸውን በግራቸው ያዝ አደረጉ።

«እንግዲያው ተዋት» አሉ። «ዝናሩ የመጣ ዕለት እውነት አደርግልሃለሁ።»